የመዝሙሩ ሦስተኛ አንጓ

ጥቅምት 8

ለፈጣኗ እህቴ፣

ጤናሽ፣ ቤትሽና ያ የሚያፈስ ጣሪያሽ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ስልሳ አራት ዓመት ተሸክሞኝ ዛሬ ቢያኮርፍ አይፈረድበትም። ፈጣሪ ደግ ጎረቤት አያሳጣሽ፣ እጅሽንም ዓይንሽንም ይጠብቅልኝ።

አሁንም እዚያው ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነኝ። ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። ቀኑን ሙሉ ከአንዲት ሴትዮ ጋር አንሶላ እናጥፋለን፤ እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። ወሬ ሲያልቅብን ስልኬ ላይ የአገር ቤት ሬዲዮ እከፍታለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ነው የሰማሁት። ከወንዙ ማዶ ያሉት ወረዳዎች ከክልላችን ተለይተው የራሳቸው ክልል ለመሆን ድምፅ ሊሰጡ ነው አሉ። አንድ የማዶ ሰው ምን ጎደለባችሁ ተብሎ ሲጠየቅ ምን አለ መሰለሽ? «መንገዱንም የቧንቧ ውሃውንም እንተወው። ልጆቻችን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የክልሉን መዝሙር ዘመሩ፤ አንድ ቀን እንኳ ስማችን ተነስቶበት አያውቅም» አለ። አንሶላው ከእጄ ወደቀ።

አንቺ ታውቂያለሽ። የመዝሙሩን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት አንጓ ነበር። አንዱ ለተራራው፣ አንዱ ለከተማውና ለእርሻው፣ ሦስተኛው ለማዶ። በምክር ቤቱ ሲዘመር ግን ሁለት ሆኖ ሰማሁት። ዜማውን ያወጣው ጡሩምባ የምንለው የማርሽ ባንዱ አለቃ ነው፣ ከአንድ ሳህን የበላሁት ወዳጄ። ሦስተኛው ለእናትህ አገር ነው ብዬ ብነግረው «ሦስት አንጓማ የሰው ትንፋሽ አይችለውም» ብሎ ስቆብኛል። እሱ ነው የቆረጠው። የገዛ እናቱን አገር ለሹመት ብሎ ቆረጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳሁት፤ እሱም ቀና ብሎ ሊያየኝ አልደፈረም። ወሩ ሳይሞላ ማስተማሬንም አገሬንም ትቼ ወጣሁ።

አሁን ይህን ነገር በጋዜጣ ላወጣው ነው። ማስረጃ ያስፈልገኛል። አሮጌ ፋይሎች ሲቃጠሉ የእጅ ጽሑፌን አትርፈሽ በብረት ሳጥንሽ እንዳስቀመጥሽልኝ ጽፈሽልኝ ነበር። ላኪልኝ። ያኔ ታይፕ ክፍልሽ መጥቼ ስጠይቅሽ «የሰጡኝን ነው የተየብኩት» ብለሽኛል፤ እንግዲህ አንቺ እጅ ከመግባቱ በፊት ተሰርዟል ማለት ነው። የሰረዘበት የእርሳስ ምልክት ሳይኖርበት አይቀርም። ሌላ ምንም አልፈልግም።

የአጎትሽ ልጅ ቢሉኝም የአንድ ቤት ልጅ፣ ወንድምሽ


ኅዳር 29

ለውድ ወንድምዓለም፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ። ፈጣሪ ከብርዱ ይጋርድህ፤ ለጉልበትህም እሱ ያውቅለታል። መልሱ ስለዘገየ አትቀየመኝ፣ ሰበብ አላጣም።

ጣሪያው ዘንድሮ ብሶበታል። የብረት ሳጥኑ ላይ ሌሎች ሦስት ሳጥኖች ተቆልለዋል፣ ወገቤ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ቁልፉም የት እንደገባ እንጃ። ስለዚህ ወረቀቱን ገና አላወጣሁትም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ኪዮስክ ማመልከቻ እጽፋለሁ ብዬህ የለ? እዚያው ነኝ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፣ አንድ ፊደል ስመታ ሁለት ያወጣል። ሰው ግን እኔን ብሎ ይመጣል፤ ጣቴ አሁንም አልዘገየም። ስለ ድምፅ አሰጣጡ የሚያወራው ብዙ ነው። አንዱ ይሂዱ ይላል፣ አንዱ ምን ሲደረግ ይላል። እኔ የሰጡኝን እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የጆሮ መስሚያ መሣሪያ እዚያ በቀላሉ ይገኛል ይባላል። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አለኝ፣ በር ሲያንኳኩበት እንኳ አይሰማም። ከተመቸህ በመጣ ሰው ላክልኝ።

የጋዜጣውን ነገር ግን ብትተወውስ? ሃያ ሰባት ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ሰውዬውም አርጅቷል። ሆድ ይፍጀው ብትል ምን ይቀርብሃል?

እህትህ


ታኅሣሥ 26

ለእህቴ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና።

ስልክ ስደውል ስለ ዝናብ ታወሪኛለሽ፣ ስጽፍልሽ ስለ ቁልፍ ትጽፊልኛለሽ። አንቺ በአንድ ሰዓት አሥር ገጽ የምትመቺ ሴት ሦስት ሳጥን ለማንሳት ሁለት ወር ፈጀብሽ? እንዲህ ያለ ጉድ በአንቺ አይቼ አላውቅም።

የጆሮ መሣሪያው ሰሞኑን በሰው እጅ ይደርስሻል። ሽማግሌው ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ጡሩምባ ከሆነ ግን አደራ፣ ደህና አድርገሽ ግጠሚለት። ጋዜጣውን ሲያነቡለት አንድ ቃል እንዳያመልጠው።

ጽሑፉን ጨርሻለሁ። ስሙን፣ ሥራውን፣ እናቱ የማዶ ሴት መሆኗን፣ ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ድምፁ የሚሰጠው በየካቲት ነው፤ ከዚያ በፊት መውጣት አለበት። እስከ ጥር ሠላሳ እጠብቅሻለሁ። ወረቀቱ ከመጣ ከወረቀቱ ጋር፣ ካልመጣም ያለ ወረቀት እልከዋለሁ። የማዶ ሰዎች የካዳቸው ማን እንደሆነ ይወቁ።

ፈጣሪ ያክብርሽ።

ወንድምሽ


ጥር 19

ለወንድምዓለም፣

ይህን ደብዳቤ በእጄ ነው የምጽፈው። በማሽን መጻፍ ነውር መሰለኝ። ቁልፉ አልጠፋም፣ አንገቴ ላይ ነው።

ጽሑፉን እንዳትልከው። ጋሽ ጡሩምባ ግጥምህን አልቆረጠም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ ነበር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። የመዝሙር ኮሚቴው ጸሐፊ ወረቀትህን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ «ለነገ ጠዋት ስልሳ ቅጂ» ብሎኝ ወጣ። መሳቢያዬ ውስጥ የቀረኝ አንድ ስቴንስል ብቻ ነበር። ስቴንስል ሰም የተቀባ ወረቀት ነው፤ አንድ ፊደል ከሳትክ ቀዳዳው ቀዳዳ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ተዘግቷል። ስለዚህ ትንፋሼን ይዤ፣ ዓይኔን ከጽሑፍህ ሳልነቅል፣ ሁለቱን አንጓ መታሁ። ከሁለተኛው በታች ወረቀቱ ባዶ ነበር። አለቀ አልኩ። ማባዣ ማሽኑ ላይ ጫንኩት፣ ስልሳውን አወጣሁ፣ እጄ ቀለም በቀለም እንደሆነ አለቃዬ «ፈጣኗ!» ብሎ አመሰገነኝ። ወረቀቱን አልገለበጥኩትም።

የገለበጥኩት ማክሰኞ ነው። ፋይል ላደርገው መብሻው ውስጥ ሳስገባው ከጀርባው ጽሑፍ አየሁ። ሦስተኛው አንጓ ሙሉውን እዚያ ነበር። ምክር ቤቱ ግን ቅዳሜ ዕለት ሁለቱን አንጓ አጨብጭቦ አጽድቆታል፣ ባንዱም በሁለቱ ልምምድ ጀምሯል። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል አንተ እንደ እሳት ነድደህ መጣህ። «የሰጡኝን ነው የተየብኩት» አልኩህ። ውሸት አይደለም፤ ከውሸት ግን ይከፋል። ሥራዬን ፈራሁ። ከዚያ አንተን ፈራሁ። ከሄድክ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምር?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፈሰስኩ እንጂ አልለቀምኩም። ፈጣኗ እያልክ በጻፍክልኝ ቁጥር አንጀቴ ሲቃጠል ኖሯል።

ለጋሽ ጡሩምባ የደረሰው ከስልሳዎቹ አንዱ ነው። ሦስተኛውን በዓይኑ አላየውም። የጆሮ መሣሪያውን ያስላክሁህም ለእሱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ምሳውን እኔ ነኝ የማደርስለት። ለምን ይህን ያህል እንደማስብለት አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

ወረቀቱ ይኸው። የእርሳስ ምልክት የለበትም፣ ፈልጌ አይቻለሁ። እንደፈለግህ ፍረድብኝ፤ የእኔን ስም ግን በእሱ ቦታ ጻፍ።

እህትህ፣ እህት ካልከኝ


ሚያዝያ 3

ለእህቴ፣ አዎ ለእህቴ፣

ደብዳቤሽ በአሥረኛው ቀን ደረሰኝ። ጽሑፉ ታሽጎ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ሊገባ አንድ ቀን ነበር የቀረው። አልላክሁትም። መልስ ሳልሰጥሽ ግን ከሁለት ወር በላይ ዝም አልኩ። ምን ስትዪ እንደከረምሽ አውቃለሁ፤ ተቆጥቶ ነው፣ ቆርጦ ጥሎኛል ብለሻል። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በአንቺ ተቆጥቼ አይደለም። በእርግጥ የመጀመሪያውን ቀን ተቆጥቼ ነበር፣ አንሶላ ሳጥፍ ሴትዮዋ «ዛሬ ምን ሆነሃል፣ እጄን ልትነቅለው ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወረቀቱን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ከሁለተኛው አንጓ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ አለ። ሦስተኛው እዚያ ሲበቃው ለምን ከጀርባ ጻፍኩት?

ረስቼው ነበር ብል እዋሻለሁ። በዚያ ሳምንት የኮሚቴው ሊቀመንበር ኮሪደር ላይ ይዞኝ «የማዶን ነገር ለጊዜው አናንሳው፣ የወሰኑ ጉዳይ ገና ነው» ብሎኛል። ልተወው ሕሊናዬ አልፈቀደም፤ ፊት ለፊት ልጽፈው ደግሞ ወኔ አጣሁ። ስለዚህ ከጀርባ ጻፍኩት። ካለፈ ጀግና ነኝ፣ ከተቆጡ ደግሞ «እሱማ ረቂቅ ነው» እላለሁ። ከሥርም «ይገለበጥ» ብዬ አልጻፍኩም። በፈተና ወረቀት ላይ ይቺን ቃል ካልጻፍኩ ግማሹ ተማሪ እንደማይገለብጥ የማውቅ አስተማሪ ነበርኩ። አንቺን ያሳሳተሽ የእኔ ፍርሃት ነው። ከዚያ ፍርሃቴን ለመርሳት ጡሩምባን ጠላሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ጠላሁት። እንዴት ያለ ብርታት ነው!

ድምፁ እንደተሰጠ፣ ማዶም እንደተለየ ሰምቻለሁ። አንድ አንጓ ያቆማቸው ነበር ብዬ አልታበይም። ግን ያ ሰውዬ በሬዲዮ ያላት ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

ሄደሽ ለጡሩምባ ንገሪው። ያንቺን ብቻ ሳይሆን የእኔንም። እኔ ብደውል አይሰማኝም፤ ብጽፍለትም ዓይኑ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ስለ እሱ ምንም የማላውቅ ሆኛለሁ።

ወንድምሽ


ግንቦት 6

ለወንድምዓለም፣

ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥህ። ደብዳቤህን አንብቤ ኪዮስኬን ዘግቼ አለቀስኩ። አንዱ ባለጉዳይ ዘመድ የሞተብኝ መስሎት ሲያጽናናኝ ዋለ።

ለጋሽ ጡሩምባ ነገርኩት። አነጋገሬን ግን አትጠይቀኝ። የላክኸው መሣሪያ ያፏጫል፤ ጋሽ ጡሩምባ ደግሞ «ይሄ ፉጨት ከዜማው ውጪ ነው» ብሎ አውልቆ ኪሱ ከትቶታል። ዓይኑም ሞራ ሸፍኖታል፣ የእጅ ጽሑፍ አያነብም፤ ትልልቅ የታተመ ፊደል ከሆነ ግን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ይለቅመዋል። ስለዚህ ሃያ ሰባት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ሚስጥር ግቢው ውስጥ ቆሜ እየጮህኩ ተናገርኩት። «ስቴንስል አንድ ብቻ ነበር!» ስል ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት ዘወር አለች። «ወረቀቱን አልገለበጥኩትም!» ስል ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ። የአንተን ስጀምርማ ግቢው በሙሉ ወጥቷል። ከተዋረድኩ አይቀር ብዬ እስከ መጨረሻው ጮህኩት።

ጋሽ ጡሩምባ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሰማኝ። ከዚያ ምን አለ መሰለህ?

«እኔ እኮ እሱ ራሱ ፈርቶ የቆረጠው ይመስለኝ ነበር። ለእናትህ አገር ብሎኝ፣ ወረቀቱ ሲመጣ ሁለት ሆኖ አየሁት። አፈረብኝ ብዬ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።»

«ጋሼ፣ እሱም እኮ አንተ ነህ የቆረጥከው ብሎ ነው የሄደው!»

«ፈርቶ ከጀርባ ጻፈው አልሽኝ?»

«አዎ!»

«ታዲያ እኔ ብዙም አልተሳሳትኩማ» አለና ሳቀ። ሳቁ ደስ አይልም ነበር።

ቆየት ብሎ «እንዴት ነው የሚለው?» አለኝ። ወረቀቱን ብልክልህም ግጥሙ ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም። ጮህኩለት።

ከወንዙ ማዶ ያለሽ፣ የቤታችን ምሶሶ፣
ያላንቺ ጣሪያው አይቆምም፣ ግድግዳው ይወድቃል ፈርሶ።

ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ቆጠረ። «ልኩ ነው» አለ። «የሰው ትንፋሽ ይችለዋል። ያኔ ስቀልድ ነው እንጂ ይችለዋል።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እኔም ምሳውን አስቀመጥኩለት።

ልሄድ ስል ጠርቶ «ንገሪው» ብሎኛል፤ «ይምጣና እሱም ይጩህልኝ። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድም።»

እህትህ


ግንቦት 27

ለፈጣኗ፣

ይህን ስም ልተወው ፈልጌ አልቻልኩም፤ ቁጣ እንዳይመስልሽ።

ለጡሩምባ እመጣለሁ በይው። መቼ እንደሆነ አትጠይቂኝ። ፈቃድ፣ ጉልበት፣ ቲኬት እያልኩ ሰበብ መደርደር ለምዶብኛል።

እስከዚያው አንድ ነገር አድርጊልኝ። የማዶ ክልል መዝሙሩን በሐምሌ መጀመሪያ ያስመርቃል ተብሏል። ሦስተኛውን አንጓ በቃልሽ ካለው ገልብጠሽ ውሰጂላቸው። ስሜ አይነሳ። «ይህ የእናንተ ነበር፣ ዘግይቶ መጣ» በያቸው። ቢፈልጉ ይዘምሩት፣ ባይፈልጉ መዝገብ ቤት ያስቀምጡት። መጻፉን ብቻ ይወቁልኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 5

ለወንድምዓለም፣

ሰላምና ጤና ካለህበት አይለይህ። እኛ በደህና ሄደን በደህና ተመለስን።

እኛ የምልህ እኔና ጋሽ ጡሩምባን ነው። እቤትህ ተቀመጥ ብለው አሻፈረኝ አለ። የባንዱን አሮጌ ኮት ለበሰ፤ ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል፣ እንዳይታወቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሄደው። ድልድዩ ጋ አውቶቡሱ ቆመ። ዱሮ ዝም ብለን የምናልፈው ድልድይ አሁን ኬላ አለው፤ መታወቂያ አሳይተን አለፍን። ጋሽ ጡሩምባ «የእናቴ ቤት ስሄድ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው» አለ፤ ድምፁን ስለማይሰማው ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ፖሊሱ ሰማና መታወቂያውን ሳያየው መለሰለት።

ጽሕፈት ቤታቸው አዲስ ነው፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። አንዲት ሴት ኃላፊ አስቀምጣ አነጋገረችን። አንጓህን አንድ ጊዜ አነበበች፣ ደግማ አነበበች። «ቆንጆ ነው» አለች። ከዚያ «እናቴ የሞተችው አምና ነው፤ ይህን ብትሰማ ደስ ይላት ነበር» አለች። ቀጥላ ግን «የእኛ ተመርጦ ታትሟል እማማ፣ ዘገያችሁ» አለችኝ። በክፋት አይደለም የተናገረችው። ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስገባችው፤ መብሻው ሲበሳው ሰማሁት።

ምረቃው አደባባዩ ላይ ነበር። ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ የመዝሙሩን ወረቀት አደሉን፤ ለጋሽ ጡሩምባም ደረሰው። በትልልቅ ፊደል ታትሟል፣ ሦስት አንጓ ነው። ባንዱ ሲመታ ሁላችንም ተነሳን። ጋሽ ጡሩምባ አይሰማም፤ የተደገፍነው የብረት አጥር ላይ መዳፉን አድርጎ የከበሮውን ንዝረት ሲያዳምጥ አየሁት። ሰዎቹ ሲዘምሩ ያለቅሱ ነበር። አንጓ በአንጓ እየተከተልኩ እኔም ጠበቅሁ። አንዱ ስለ ወንዙ ነው፣ አንዱ ስለ ሜዳውና ስለ ከብቱ፣ ሦስተኛው ስለ ልጆቻቸው። መዝሙሩ እንደ እውነቱ ግሩም ነው።

ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ በቆመበት ጋሽ ጡሩምባ ወደ እኔ ዞሮ በዚያ ድምፁ «እኛን የሚል አለበት?» አለኝ። ሰው ሁሉ አየን። እዚያ መሃል ቆሜ ልጮህ አልቻልኩም። ወረቀቱን በጣቴ አሳየሁት። አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ በአንድ አነበበው። ከሦስተኛው አንጓ በታች ትንሽ ባዶ ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ጥቂት ቆየ።

ከዚያ ገለበጠው።

አውቶቡሱ ውስጥ፣ ቤት እስክንደርስ፣ ያንን ነጩን ገጽ ወደ ላይ አድርጎ ጉልበቱ ላይ ይዞት ነበር። አንዴ ብቻ «እኛም እንዲሁ ነው ያደረግናቸው» አለኝ።

ወረቀቱን ላኪለት ስላለኝ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ግጥሙን አንብበው፣ የሚነበብ ነው። ጀርባውን ግን አትይ፤ እኛ አይተንልሃል።

እህትህ